ለአንድ አንገት የተቀመመ ሽቶ

ፓልሚራ በእመቤታችን በዓል ጠዋት ጸጉሯን ሠርታ ፈታችው፤ ፈትታ እንደገና ሠራችው። ልጇ ኒና በሩ ላይ ቆማ ትቁነጠነጣለች።

«እማዬ፣ ደወሉ ሊያበቃ ነው እኮ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ። እስቲ ዞር በይ፤ ቀሚስሽ ከኋላ ተጨማዷል።»

«ከኋላዬ ደግሞ ማን ያየኛል?»

«ዛሬ ሁሉም ያየናል» አለች ፓልሚራ። ካለችው በኋላ ራሷ ደነገጠች።

ባሏ ናታሌ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ውስጥ ከቀረ ወዲህ ሰው እንዲያያት ፈልጋ አታውቅም። ጥቁር ለብሳ በግድግዳ ጥግ ሄዳ ሥራዋ ትገባለች፤ በዚያው ጥግ ትመለሳለች። አብራቸው የምትኖረው የናታሌ አባት፣ ሽማግሌው ባስቲያኖ፣ «ልጄ፣ ያ ግድግዳ ካላንቺ ይወድቃል እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ዛሬ ግን ጥቁሩን አውልቃ ግራጫ ለብሳለች። ለምን እንደሆነ የሚያውቁት እሷና ሳቬሪዮ ብቻ ናቸው።

ሳቬሪዮ የዶን ኢፖሊቶ አንድ ልጅ ነው። በዚያ የካላብሪያ ዳርቻ ዶን ኢፖሊቶን የማያውቅ የለም። ከተራራው ሥር እስከ ባሕሩ አሸዋ ድረስ ካለው የቤርጋሞት ዛፍ የሚበዛው የእሳቸው ነው። ቤርጋሞት ሲያዩት ሎሚ ይመስላል፤ ግን ይመራል፣ እንደ ሎሚ አይበላም። ሀብቱ ልጣጩ ላይ ነው። ከልጣጩ የሚወጣውን ዘይት ሽቶ ሠሪ ሁሉ ይሻማበታል። ክረምቱን ሙሉ የመንደሩ ወንድም ሴትም የሚውለው በዶን ኢፖሊቶ መጭመቂያ ቤት ነው።

ፓልሚራም እዚያ ፍሬ ትለያለች። ሳቬሪዮ አንድ ቀን በሩን ተደግፎ ቆሞ ሲያያት ቆየና፣ «ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የምትለዪው?» አላት።

«አፍንጫ እያለ ዓይን ምን ይሠራል?» አለችው፤ ቀና ሳትል።

በማግሥቱም መጣ። በሳምንቱም መጣ። ሴቶቹ መጠቃቀስ ሲጀምሩ ወደዚያ መምጣቱን ተወና ከባሕሩ ግንብ ሥር ይጠብቃት ጀመር። አንዳንዴ ኒናን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ማዕበል ያሳያታል። ፓልሚራ ያኔ ሁለቱንም ታያቸውና ልቧ ይፈራል። ሴት ልጅ ያላት ሴት ደስታዋን እንኳ በፍርሃት ነው የምትቀምሰው።

በጸደይ አባቱ ንግድ ይማር ብለው ጄኖቫ ከተማ ላኩት። ሽቶውን የሠራችለት ከመሄዱ በፊት ነው።

እናቷ በዚያው ዳርቻ የጃስሚን አበባ ለቃሚ ነበረች። ትላት የነበረውን ፓልሚራ አትረሳም፤ «ከመዓዛ ጋር የምትውል ሴት ለአንድ ሰው አንድ ሽቶ ትቀምማለች። አትሸጠውም፤ ለሌላም አትደግመውም። ያ ሰው በበዓል ቀን ተቀብቶት ቤተ ክርስቲያን ከመጣ፣ በቅዳሴው መሐል በሚደረገው ሰላምታ ጊዜ እጁን የጨበጠ ሁሉ ነገሩን ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ መላኩ ለወግ ያህል ነው።» እውነቷን ነበር። በዚያ መንደር የመጭመቂያው ቤት ሰው ሽቶ አይቀባም፤ ዘይቱን የሚያበላሽ ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው። ወንዶቹ በልማድ እሁድ እንኳ ሳሙና እንጂ ሌላ አይነካቸውም። ስለዚህ አንድ ወንድ ሽቶ ከተቀባ አፍንጫ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል።

ለሳቬሪዮ የቀመመችለት የሠርግና የግብዣ ሽቶ አልነበረም። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሰላም አድሮ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ሊኖረው የሚገባውን መዓዛ ነው የፈለገችው። ገና አረንጓዴ የሆነውን ቤርጋሞት፣ የመጭመቂያው ብረት እንዳያሞቀው ብላ፣ እንደ ድሮው በባሕር ስፖንጅ በእጇ ጨመቀችው። በግንብ ላይ የሚበቅለውን ሮዝመሪ አከለችበት። ጀልባ ከሚጠግነው አናጢ የዝግባ ፍቅፋቂ ለምና በአልኮል ዘፈዘፈች። መጨረሻ ላይ ጃስሚን ጨመረች፤ ሲኖር የማይታወቅ፣ ሲጎድል ግን የሚታወቅ ያህል ብቻ።

ሳቬሪዮ አሸተተውና ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። «እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው? ንገሪኝ» አላት። ነገረችው። ሌላ ሴት ለምትወደው ሰው የልጅነቷን ታሪክ እንደምታወራው፣ እሷም ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው ነገረችው።

ከጄኖቫ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። ፓልሚራ በዚያ ዓመት ከቄሱ ቤት ፊደል መቁጠር ጀምራለች። ይህን ስለሚያውቅ ፊደሉን ትልልቅ፣ ቃሉን አጭር አጭር ያደርግላታል። «ዛሬም ተቀብቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አጠገቤ ያለሽ ይመስለኛል።» ይህችን ለማንበብ አንድ ምሽት ፈጀባት። ከዚያ በኋላ ግን ሳታያትም ታነባት ጀመር።

ከበዓሉ በፊት ተመለሰ። ከግንቡ ሥር ሲያቅፋት የቀመመችውን አጣችበት።

«ሽቶዬስ?»

«ለበዓሉ ቆጥቤው ነው» አላት። «በሰላምታው ጊዜ ከፊት ወንበር ተነሥቼ፣ መንደሩ እያየ፣ አንቺ ድረስ እመጣለሁ።»

አመነችው። ደስ ያለው ሰው ምን ይጠይቃል?

አሁን ኒናን በእጇ ይዛ በመንገዱ መሐል፣ ከግድግዳው ርቃ ስትሄድ፣ ልቧ እንደ አዲስ ሙሽራ ይመታ ነበር።

*

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባስቲያኖ የእመቤታችንን ምስል ከሚሸከሙት ወንዶች አንዱ ስለሆኑ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው ከቤት የወጡት። ፓልሚራ በሴቶቹ በኩል ተቀመጠች። ከኋላዋ አብራት ፍሬ የምትለየው ጁዲታ አለች፤ ምላሷ ከቢላ የሚስል ሴት።

«ውይ፣ ግራጫ!» አለች ጁዲታ በጆሮዋ። «ለእመቤታችን ነው ወይስ ለሌላ?»

የፓልሚራ ዓይን ፊት ለፊት ነው። ዶን ኢፖሊቶ በመጀመሪያው ወንበር ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ሳቬሪዮ። የማጅራቱን ጸጉር ተስተካክሏል። ዞሮ አላያትም። «ለሰላምታው እየጠበቀ ነው» አለች ለራሷ።

ያኔ ሽቶው መጣ።

ከኋላ ነው የመጣው፤ ቀስ ብሎ። መጀመሪያ አረንጓዴው ቤርጋሞት፣ ቀጥሎ ሮዝመሪው፣ ከሥሩ ዝግባው። ፓልሚራ ዓይኗን ጨፈነች። ሳቬሪዮ ፊት መቀመጡን እንኳ ረስታ፣ «መጣልኝ» አለች በሆዷ፤ ዞር አለች።

ከሴቶቹ ወንበር ኋላ የቆመው ፖስተኛው ጋስፓሬ ነበር። ወፍራም አንገቱን እየጠረገ ጥርሱን አሳያት።

ተሳስቼ ይሆናል አለች። ሳቬሪዮ አቅፎት ይሆናል አለች። ወዲያው ደግሞ ከቀኝ በኩል መጣ፤ የመጭመቂያ ቤቱ ሳጥን ጫኝ ነው። ከበሩ በኩል ንፋስ ሲገባ ይዞት ገባ። ጠርሙሱ ተሰብሮበት ይሆን? ሰው ላይ ፈስሶ ይሆን? ደግ ልብ ለበዳዩ ሰበብ መፈለግ አይታክተውም፤ ፓልሚራ ቁጭ ብላ ሰበብ ስትደረድር የቅዳሴው አብዛኛው አለፈ።

ቄሱ «ሰላምታ ተለዋወጡ» አሉ። ሕዝቡ ተነሣ። እጅ በእጅ ተያያዘ። ፓልሚራ ወደ መካከለኛው መተላለፊያ አየች። ሳቬሪዮ ተነሣ። የአባቱን እጅ ጨበጠ፤ የመንደሩን ሐኪም ጨበጠ፤ አንድ ጊዜ፣ ለቅጽበት፣ ዞሮ አያት። ዓይኑን ሰብሮ ተቀመጠ።

ባስቲያኖ ግን ከሸካሚዎቹ ወንበር ተነሥተው፣ እያነከሱ፣ ፊታቸው እየበራ እሷ ዘንድ መጡ። ሁለት እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ልጄ።»

እነዚያ እጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ መረብ መረብና ትምባሆ ትምባሆ ነበር የሚሉት። ዛሬ የሳቬሪዮን ሽቶ ይዘዋል። ኒና የአያቷን እጅ ስባ አሸተተችና፣ ሰዉ ጸጥ ሊል ሲል፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣

«እማዬ! አያቴም ሳቬሪዮ ሳቬሪዮ ይላል!» አለች። «ዛሬ ሁሉም ሰው ሳቬሪዮ ሳቬሪዮ ይላል!»

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ጁዲታ ከኋላ ትንፋሿን ሳበች። የባስቲያኖ እጆች አልለቀቋትም፤ ግን ውስጣቸው ያለው ሙቀት ሲሄድ ፓልሚራ ታወቃት። ፊት ወንበር ላይ የሳቬሪዮ ማጅራት ቀላ። አልዞረም።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ልጇን ግን ወደ ራሷ አስጠጋቻት፤ ኒና ምንም አላጠፋችም። እውነት የተናገረ ልጅ አይቆነጠጥም።

*

አደባባዩ ላይ ሴቶች የተጠበሰ ሊጥ ይሸጣሉ፤ ሙዚቀኞቹ የነሐስ ጥሩምባቸውን ይጠራርጋሉ። የምስሉ ዑደት እስኪጀመር ሰው ተበትኖ ቆሟል።

«የልጅሽ አፍንጫ በአንቺ ወጥቷል እቴ!» አለች ጁዲታ ጮክ ብላ። «እኛ ሎሚ ከቤርጋሞት ለመለየት እንታገላለን፤ እሷ የሰው ስም ታሸታለች!»

ሴቶቹ ሳቁ። ጋስፓሬ ነገሩ ስላልገባው አብሮ ሳቀ።

«ለእኔስ ተስማምቶኛል። ሚስቴ ዛሬ ከቤት ሳንወጣ ተጠግታኝ ተቀመጠች፤ ከሠርጋችን ወዲህ መጀመሪያዋ ነው! ዶን ኢፖሊቶ ይኑሩልን!»

«ብርድ ይሆናላ ያስጠጋት!» አለው አንዱ።

ፓልሚራ ወደ አማቷ ዞረች። «አባባ፣ ይኼን ነገር ከየት አገኙት?»

ባስቲያኖ ከኮት ኪሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። እንደ ዕንቁላል ነው የያዙት። «ትናንት ማታ ዶን ኢፖሊቶ ለበዓሉ ብለው ለመጭመቂያ ቤቱ ወንዶች ሁሉ፣ ለፖስተኛውም ሳይቀር፣ አንድ አንድ ሰጡን» አሉ ቀስ ብለው። «አዲሱ የቤታቸው ሽቶ ነው። ከገና በኋላ በየከተማው ይሸጣል አሉ። ጧት ላሳይሽ ብዬ ነበር፤ ተኝተሽ ነበር።»

ጠርሙሱን ተቀበለችው። ወረቀት ተለጥፎበታል። ከቄሱ ቤት ውጭ በሰው ፊት አንብባ አታውቅም። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ አነበበችው። ከላይ «ለየዕለቱ» ይላል። ከሥሩ «ለወንዶች»። ከዚያ ሥር የዶን ኢፖሊቶ ቤት ስም፣ በወርቅ።

ቄሱ «ማንበብ ዓይን ያበራል» ይሏት ነበር። አዎ፣ ያበራል። ምን እንደሚያሳይ ግን አልነገሯትም።

«ኒናን ይያዙልኝ፣ አባባ» አለች። ሳቬሪዮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ባሕሩን ከሚያየው ግንብ አጠገብ፣ እጁን እያወዛወዘ ሲጠራት አይታዋለች። አሁንም ጥግ መርጦ ነው የቆመው። ያ ከነገሩ ሁሉ በላይ ወጋት።

*

«ፓልሚ፣ ልነግርሽ ነበር» አላት ገና ሳትደርስ።

«መቼ? መንደሩ ሁሉ ከተቀባው በኋላ?»

«አባቴ ድንገት ነው ያደረጉት። ዛሬ ያድላሉ ብዬ አላሰብኩም። እስቲ ቁጭ በይና ስሚኝ።»

«ቆሜም ይሰማኛል።»

ሳቬሪዮ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር። «ጄኖቫ ሳለሁ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ላገባት እፈልጋለሁ አልኳቸው። ስምሽን ጠርቼ፣ አልደበቅሁም! 'ምን ይዛ ትገባለች?' አሉኝ። 'ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያላት፣ ፍሬ የምትለይ ሴት፣ ምን ይዛ ትገባለች?' እኔ ምን ልበል? ጠርሙሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። 'ይህን ይዛ ትገባለች' አልኳቸው። አሸተቱት። ብዙ ቆይተው 'እንዴት ነው የተሠራው?' አሉኝ።»

«ነገርካቸው።»

«ነገርኳቸው። ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ? 'እንግዲያው ትምጣ' አሉ! ገባሽ ፓልሚ? ፈቀዱ! ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን። ኒናም ትማራለች፤ ጫማዋ አይቀደድም፤ አንቺም ሁለተኛ ፍሬ አትነኪም።»

የፓልሚራ ልብ፣ ሞኙ ልቧ፣ ያን ጊዜም ዘለለ። ስትጸልይበት የከረመችው ነገር ይኸው ፊቷ ላይ ቆሟል። እጇን ብትዘረጋ ትይዘዋለች። የልጇን ጫማ አሰበች። የክረምቱን ቅዝቃዜ አሰበች።

«ስሜ ተነሥቷል?» አለች።

«የት?»

«ሽቶውን ማን ሠራው ሲባል።»

ሳቬሪዮ ወደ ባሕሩ አየ። «የጄኖቫው ቀማሚ ተባለ። ያው ለንግድ ነው፤ ስም ያለው ሰው ሲሆን... ደግሞ ላንቺም ክብር ነው፤ የዶን ኢፖሊቶ ምራት ሽቶ ስትጨምቅ ኖረች ከሚባል።»

«ለእኔ ክብር» አለች ፓልሚራ። «እጄ አመድ አፋሽ!»

«እንዲህ አትበይ። ለማን ብዬ ነው? ለእኛ ነው ያደረግሁት። ደብዳቤዎቼን አላነበብሽም?»

«አነበብኩ እንጂ። 'ዛሬም ተቀብቼዋለሁ' ትላለህ። አንድ በአንድ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩት። ጠርሙሱ ያኔ የት ነበር? አባትህ ጠረጴዛ ላይ?»

ቀረብ ብሎ እጆቿን ያዘ፤ ግንባሩን ግንባሯ ላይ ሊያሳርፍ ጎንበስ አለ። እንደ ድሮው መስሎት ነው። ፓልሚራም እንደ ድሮው ልትሆንለት አንድ አፍታ ቀርቷት ነበር። ግን ተነፈሰች።

ከአንገቱ የመጣው ሌላ ነው። የከበደ፣ የጣፈጠ፣ የሱቅ መስኮት የሚመስል መዓዛ። ውድ ነገር ነው፤ ከሩቅ የመጣ።

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«አልተቀባኸውም።»

«ምን?»

«ጋስፓሬ ተቀብቶታል። ሳጥን ጫኙ ተቀብቶታል። አማቴ፣ ናታሌን የወለዱት ሰው፣ ተቀብተውታል። በዚህ መንደር ካለው ወንድ ሁሉ ያልተቀባኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ሳቬሪዮ ቀላ። «እሱማ... አሁን የሠራተኛው ሁሉ ሆነ እኮ። እኔና ፖስተኛው አንድ ዓይነት... አባቴም አይሆንም አሉ። የምንሸጠው እንጂ የምንቀባው አይደለም አሉ። ለየቀኑ የሚሆን ቀላል ነገር ነው፣ ያው ለተራው ሰው—»

አቆመ። ቃሉ ግን ወጥቷል፤ የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ፓልሚራ መውደቋን ያወቀችው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ገና ኮርቻው ላይ ነበረች።

«ስማኝ ሳቬሪዮ» አለች። ድምጿ አልጮኸም፤ እሷም ገረማት። «ሰርቀኸኝ ብትቀባው ይቅር እልህ ነበር። ለመንደሩ አድለህ አንተም አብረህ ብትቀባው፣ አልቅሼ አልቅሼ ይቅር እልህ ነበር። አንተ ግን ሰጠኸውና አፈርክበት።»

«በአንቺ አላፍርም! በእናቴ ነፍስ!»

«ሽቶው ሲያሳፍርህ ትተኸዋል፤ ቀላል ነው፣ ሌላ ትገዛለህ። እኔስ ሳሳፍርህ? በአባትህ ማዕድ ላይ ማንኪያ አያያዜ ሲያሳፍርህ፣ ልጄ ጮክ ብላ እውነት ስትናገር፣ ያኔ ምን ትሆናለህ? ዛሬ እኮ አየሁህ። ያቺ ሕፃን ስምህን ስትጠራ ማጅራትህ ቀላ እንጂ አንገትህ አልዞረም።»

«ፓልሚ፣ እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ክፋቱ እሱ ነው። ባትወደኝ ኖሮ ዛሬ የሚያመኝ ግማሹ ነበር።»

«እና ምን ልበላቸው? ፈቅደዋል እኮ! ስንት ለምኜ!»

«ይዛ የምትገባው አለቀባት በላቸው።»

ጥላው ሄደች። ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ቀረ። አንድ ጊዜ ቢጠራት፣ ስሟን ጮክ ብሎ፣ አደባባዩ እንዲሰማው አድርጎ ቢጠራት፣ ምናልባት እግሯ ይቆም ነበር። ጆሮዋን አቁማ ሄደች። ሙዚቀኞቹ ነሐሳቸውን መንፋት ጀመሩ። ሌላ ድምፅ አልመጣም።

*

ባስቲያኖ ከምንጩ አጠገብ ነበሩ። ኒና ባርኔጣቸውን ይዛ ቆማለች። ሽማግሌው የበዓል ሸሚዛቸውን አንገት ከፍተው፣ መሐረባቸውን በቀዝቃዛው ውኃ እየነከሩ አንገታቸውን ይፈትጋሉ። ቆዳቸው ቀልቷል። ውኃው በደረታቸው ይወርዳል።

«አባባ! በዚህ ብርድ! ምን ነካዎት?»

«አይለቅም» አሉ ሳያዩዋት። «ጥሩ አድርገሽ ነው የሠራሽው። አይለቅም።»

ፓልሚራ ባለችበት ደርቃ ቀረች። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ወረቀቱን ስታነቢ ፊትሽን አየሁት። የናታሌ ጀልባ ባዶዋን ተጎትታ የመጣች ዕለት እንዲህ ነበር ፊትሽ።» መሐረቡን ጨመቁት። «ሴት ለአንድ ሰው ብላ የሠራችውን አንገቴ ላይ አድርጌ እመቤታችንን አልሸከምም።»

ይቆጡኛል ብላ ነበር። በልጄ ላይ ይሉኛል፣ ከቤቴ ውጪ ይሉኛል ብላ ነበር። ለዚያ የሚሆን መልስም በሆዷ አዘጋጅታለች። ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጀችም። ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት አየች።

«ደህና ሰው ነው?» አሉ ባስቲያኖ።

«ይመስለኝ ነበር።»

«እህ።» ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለናታሌ ሠርተሽለት ነበር?» አሏት።

ፓልሚራ ልትዋሽ አፏን ከፈተች። የሽማግሌው ዓይን ውኃ ይሁን እንባ ያልታወቀ ነገር አቅርሯል። መዋሸት አልቻለችም።

«አልሠራሁለትም፣ አባባ። 'እኔ ዓሣ ዓሣ ነው የምለው፣ ምኔ ላይ ልታደርጊው ነው?' እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔም ነገ እሠራለታለሁ፣ ለመጪው በዓል እሠራለታለሁ እያልኩ...»

ባስቲያኖ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሐረቡን አራግፈው አጠፉት። ከዚያ በደነዘዙ ጣቶቻቸው የሸሚዛቸውን አንገት መቆለፍ ጀመሩ፤ ቁልፉ እምቢ ሲላቸው ፓልሚራ ቆለፈችላቸው። ያን ያህል ተፈትጎም ሽቶው አልጠፋም። ከርጥቡ ቆዳቸው ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እንግዲያው ይቆይ» አሉ። «ከቤታችን አንድ ወንድ ይቀባው። በእሱ ፈንታ።»

ባርኔጣቸውን ከኒና ተቀብለው፣ እያነከሱ ወደ ሸካሚዎቹ ሄዱ።

ምስሉ ተነሣ። ወንዶቹ ትከሻቸውን ከእንጨቱ ሥር አድርገው፣ አንድ ላይ እየተነፈሱ፣ ፀሐይ ወዳለበት ወጡ። ሸክሙ ከባድ ነው። ወዲያው ላባቸው መጣ፤ ከላባቸው ጋር መዓዛው መጣ። አረንጓዴው ቤርጋሞት፣ ሮዝመሪው፣ ዝግባው፣ ያ እንዳይታወቅ ብላ የደበቀችው ጃስሚን ሳይቀር፣ መንገዱን ሞልቶ ወደ ሴቶቹ ሰልፍ ወረደ። «እንዴት ያምራል!» ተባባሉ ሴቶቹ። ፓልሚራ ኒናን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ከሰልፉ መውጣት አይቻልም፤ መተንፈስ መተውም አይቻልም።

የባስቲያኖን መዓዛ ለይታ ለመያዝ ሞከረች። አንድ ዘይት ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ ሳትሳሳት የምትናገር ሴት ናት። አንዱ ብቻ፣ ከዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ለቤቷ ሰው እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ወደ ፊት ጠጋ አለች። ዓይኗን ጨፈነች። የጋስፓሬ፣ የሳጥን ጫኙ፣ የአማቷ፣ ሁሉም አንድ ነበር። እጇ የሠራውን አፍንጫዋ መለየት አቃተው።

ያኔ እንባዋ መጣ። ከኋላዋ ያለችው ጁዲታ ለቅሶዋ ከልብ የሆነ ጸሎት መሰላትና እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

«እመቤታችን ትስማሽ፣ እህቴ» አለቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፌዝ። «የለመንሽውን ትስጥሽ።»

ፓልሚራ እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች። ምን እንደምትለምን አታውቅም ነበር።